እማዬ በቅዱሳን ቀን የቆጠረችው ሕመም

ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሆዴ ቀሰቀሰኝ። ከእምብርቴ በታች፣ በስተቀኝ። መጀመሪያ ቁርጠት መሰለኝ። ቁርጠትን አውቀዋለሁ፣ የቆየ ትውውቅ አለን። ይሄኛው ግን አልለቅ አለ። ጎኔን ይዤ ወደ መታጠቢያ ቤት ስሄድ ቀኝ እግሬን ዘርግቼ መርገጥ አቃተኝ። አስመለሰኝ። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ የሴራሚኩ ቅዝቃዜ ትንሽ ያሳርፈኝ ስለነበር መነሳት አልፈለግኩም። እማዬ መጥታ መብራቱን ስታበራ "በስመ አብ! ምን ሆነሻል ልጄ?" አለች።

ዕለቱ ቃና ዘገሊላ ነው። የሚካኤል ታቦት ከባሕረ ጥምቀቱ ወደ መንበሩ የሚመለስበት ቀን። ሲነጋ ሰፈሩ በሙሉ ነጭ ለብሶ ወጥቷል፣ መንገዱ ተጠርጓል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ወጣቶቹ ምንጣፍ ጠቅልለው ተሸክመው ወዲያ ወዲህ ይሯሯጣሉ። ወንድሜ በስልክ የጠራው ታክሲ ሾፌር "መንገዱ ዝግ ነው፣ እስከ ዋናው አስፋልት ውጡልኝ" አለ። በአንድ ጎን እማዬ፣ በሌላው ወንድሜ ደግፈውኝ፣ ጎብጬ፣ በሕዝቡ መሃል ሄድኩ። ምን ያህል እንደፈጀ አላውቅም። አንዲት ጥላ የያዙ እናት አዩኝና ቆም ብለው "ሚካኤል ይማርሽ የኔ ልጅ" አሉኝ። ድምፃቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ካርድ ወጣ፣ ደም ተቀዳ፣ ሽንት ተሰጠ፣ ግሉኮስ ተሰቀለ። ወጣቱ ሐኪም ቀኝ ሆዴን ቀስ ብሎ ተጫነና ድንገት ለቀቀው። ሲለቀው ጮህኩ። "የመጨረሻ የወር አበባሽ መቼ ነበር?" አለኝ። ወንድሜ አጠገቤ ቆሟል። ወደ ግድግዳው ዞር አለ። እኔም በዝግታ "ዛሬ ማታ ነው የመጣው" አልኩ። ሐኪሙ ጻፈው። የእርግዝና ምርመራው ነፃ ነው አለ። አልትራሳውንድ ተነሳሁ። ከዚያ "ትርፍ አንጀት ይመስላል፣ ዛሬውኑ ኦፕራሲዮን ትሆኛለሽ" ተባልኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ያ ጥያቄ ተጠይቄያለሁ። ማንም አልጠየቀኝም ብል ውሸት ነው። ግን የተጠየቅኩት እርጉዝ ሆኜ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። እርጉዝ አለመሆኔ ሲታወቅ የጥያቄው ሥራ አለቀ። "ከዚህ በፊትስ እንዲህ ሲያምሽ የወር አበባሽ ላይ ነበርሽ?" የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ አልመጣም። ሐኪሙን አልወቅስም። ጣቱን የጫነበት ቦታ የትርፍ አንጀት ቦታ ነው፣ ሕመሙ የትርፍ አንጀት ሕመም ነው፣ ሲለቀው መጮሄም የትርፍ አንጀት ምልክት ነው። ደግሞም አንጀቱ እውነት ታሞ ነበር። ቢያዘገየው ኖሮ ምን እንደሚፈጠር አላውቅም። ያ ሰው ነፍሴን ያተረፈ ሰው ነው ብዬ ነው የማስበው።

የሚቆጨኝ ከዚያ ቀን በፊት ያሉት ሁለት ዓመታት ናቸው።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሦስት ጊዜ "ታይፎይድ" ተብያለሁ። ሁለት ጊዜ "አሜባ"። ጨጓራ የተባልኩበትን ቁጥር ረስቼዋለሁ። ሆዴን አሞኝ ወደ ክሊኒክ እሄዳለሁ፣ ሰገራና ደም እሰጣለሁ፣ የዊዳል ምርመራው ታይፎይድ ነው ይላል፣ ሲፕሮ ይታዘዝልኛል። ያ ምርመራ እንደኛ ባለ አገር ውስጥ ብዙ ጊዜ ያልታመመን ሰው ታማሚ እንደሚያደርግ፣ ድሮ ያለፈ በሽታ ወይም ሌላ ኢንፌክሽን የተወው አሻራ ደሙ ውስጥ ሊያገኝ እንደሚችል ያወቅኩት ኋላ ነው። መድኃኒቱን እውጣለሁ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ሕመሙ ይተወኛል። "ተመስገን፣ መድኃኒቱ ያዘልኝ" እላለሁ።

መድኃኒቱ አልያዘልኝም ነበር። የወር አበባዬ ስላለቀ ነው የተወኝ።

ይህን ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳስበው የሆነ ነገር ከውስጤ ወደቀ። በየወሩ አራት ቀን የሚቆይ ሕመም፣ የአምስት ወይም የሰባት ቀን መድኃኒት ሲታዘዝለት ሁሌም ይድናል። ምንም ብትወስዱ ይድናል። ሲፕሮም፣ የጨጓራ ሽሮፑም፣ አክስቴ በጠዋት በጥብጣ ያጠጣችኝ ፌጦም፣ ሁሉም በተራው "ፈውሶኛል"። ስለዚህ ማናችንም ሌላ ነገር የምንፈልግበት ምክንያት አልነበረንም። በሚቀጥለው ወር ሲመለስ ደግሞ "አገረሸብኝ፣ ውሃው ነው፣ ውጪ የበላሁት ሰላጣ ነው" እላለሁ።

የኦፕራሲዮኑ ዕለት ማታ፣ ማደንዘዣው ለቆኝ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ፣ ነርሷ ለታናሽ እህቴ አንዲት ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ስትሰጣት አየሁ። ውስጡ ውሃ በሚመስል ፎርማሊን ውስጥ የኔ ትርፍ አንጀት አለ። "ይሄንን ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውሰጂ፣ ውጤቱ ሲደርስ ይዛችሁ ኑ" አለቻት። ከዘመድ ጋር ሆስፒታል ተመላልሶ የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ናሙናውን ይዞ ታክሲ የሚሳፈረው ቤተሰብ ነው። እህቴ በፌስታል ጠቅልላ፣ ፌስታሉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ ሄደች። የ17 ዓመት ልጅ ናት።

ከሆስፒታል ወጣሁ። ስፌቱ ተፈታ። ወደ ሥራ ተመለስኩ። ወረቀቱን ሁላችንም ረሳነው። ትርፍ አንጀት ወጣ፣ አለቀ፣ ከዚያ ወዲያ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ያስታወሰችው እህቴ ናት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቦርሳዋን ስታጸዳ ደረሰኙን አግኝታ። "ከፍለንበታል እኮ፣ ላምጣው" አለች። ከፍለንበታል ስላለች ብቻ ነው የመጣው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሰውነቴን ይወረኛል።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ከታች መደምደሚያው ላይ ሁለት መስመር አለ። እብጠት እንዳለ ይናገራል፣ ከዚያ "የትርፍ አንጀት ኢንዶሜትሪዮሲስ" ይላል። እህቴ በስልኳ ፈለገችውና ፊቷ ተለዋወጠ። "ይሄ የማህፀን በሽታ ነው ይላል። አንቺ ግን አንጀትሽን ነው የወጣልሽ። ተሳስተው የሌላ ሰው ሰጥተውን ይሆን?" አለች። እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት። የሌላ ሴት ወረቀት ነው ብዬ ስሜን ሦስት ጊዜ አነበብኩ።

አልተሳሳቱም። ጉዳዩ እንዲህ ነው፣ እኔ በገባኝ መንገድ ልንገራችሁ።

የማህፀን የውስጠኛው ሽፋን በየወሩ ይወፍራል፣ ከዚያ ፈርሶ እንደ የወር አበባ ይወጣል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ማለት ያንን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ሲበቅል ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ሰፈር ነው የሚበቅለው፤ የእንቁላል ማምረቻው ላይ፣ ከማህፀን ጀርባ፣ በሆድ ዕቃ ስስ ሽፋን ላይ። ሥጋው ባለበት ቦታ ሆኖ እንደ ማህፀን ሽፋን የሆርሞኑን ጥሪ ይሰማል። ወሩ ሲደርስ ያብጣል፣ ይደማል። የማህፀን ደም መውጫ አለው። ይሄኛው የለውም። እዚያው ይጠራቀማል፣ ዙሪያውን ያስቆጣል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ ጠባሳው አንዱን አካል ከሌላው ጋር ያጣብቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም በዓለም ዙሪያ 190 ሚሊዮን የሚሆኑ ሴቶችና ልጃገረዶች ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይናገራል። ይሄን ያህል ሕዝብ የሚነካ ነገር ነው፣ ግን እኔ በ27 ዓመቴ ስሙን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ያላወቅኩት ሌላው ነገር፣ ይህ ሥጋ ከመራቢያ አካላት ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ነው። ከራቀ ደግሞ በብዛት የሚያርፈው አንጀት ላይ ነው፣ በተለይ በትልቁ አንጀት መጨረሻና በደንዳኔ አካባቢ። አንዳንዴ ትርፍ አንጀት ላይ። አንዳንዴ ትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ ተጣብቆ፣ በጠባሳው እየጎተተና እያጠበበ፣ አንድ ቀን አንጀቱን ጨርሶ ይዘጋዋል። ያኔ ሆድ ይነፋል፣ ትውከት አይቆምም፣ ፈስም ሰገራም እምቢ ይላል። እኛ "አንጀቷ ታጠፈ" የምንለው ዓይነት ነገር ነው፣ ምክንያቱ ግን ሌላ። አልፎ አልፎ አንጀቱን በስቶት የሚገኝበት ጊዜም አለ። የሽንት ፊኛ ላይ ካረፈ በወር አበባ ሰሞን ሽንት ያቃጥላል፣ ደም ሊቀላቅል ይችላል፤ ሴትየዋ ግን "የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን" ተብላ መድኃኒት ስትውጥ ትኖራለች። ከኩላሊት ሽንት የሚያወርደውን ቱቦ ሲጨምቅ ደግሞ ምንም ድምፅ ሳያሰማ ኩላሊቷን ሊያበላሽባት ይችላል። ሳንባንና ሆድን በሚለየው ጡንቻ ላይ ሲያርፍ የሚያማት ትከሻዋ ነው፣ ብዙ ጊዜ የቀኝ ትከሻዋ። እምብርት ላይ አርፎ በየወሩ እምብርቷ የሚደማ ሴት አለች፤ ይሄንን አንድ ቪላር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ጽፎታል። ሳንባ ድረስ ሄዶ በወር አበባዋ ሰሞን ሳንባዋ የሚኮማተርባት ሴትም አለች።

እንዴት እዚያ ይደርሳል? የታወቀው መልስ ሳምፕሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1920ዎቹ የሰጠው ነው። የወር አበባ ደም ሁሉም ወደ ታች አይወርድም፣ የተወሰነው በማህፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ሆድ ዕቃ ወደ ኋላ ይፈሳል፣ አብረውት የሄዱት ሕዋሳት እዚያ ይተከላሉ አለ። ጥሩ ማብራሪያ ነው። ግን ደሙ ወደ ኋላ የሚፈሰው በአብዛኞቻችን ነው፣ በሽታው የሚይዘው ጥቂቶቻችንን ነው። ሳንባንም አያብራራም። ስለዚህ የሰውነት መከላከያ ነገርም አለበት፣ የዘር ነገርም አለበት፣ በደምና በሊምፍ መጓዝም ይኖራል ይላሉ። ይሄን ያህል ብዙ ሴት የያዘ በሽታ፣ ሳምፕሰን ከጻፈ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖት፣ መነሻው ገና እያከራከረ መሆኑ ያናድደኛል። በግልጽ ያናድደኛል።

ወረቀቱን ይዘን አንዲት የማህፀን ስፔሻሊስት ጋ ሄድን። ጠና ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። እማዬ አብራኝ ገባች። ወረቀቱን አነበቡ፣ ጠባሳዬን አዩ፣ ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው "ሕመሙ መቼ መቼ ነው የሚነሳብሽ?" አሉኝ።

"አላስታውስም" አልኩ። እውነቴን ነው። ለኔ ሁሉም አንድ ላይ የተደባለቀ የሆድ ሕመም ነበር።

እማዬ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እኔ አውቀዋለሁ" አለች። "ሐኪም፣ ኋለኛው ሚካኤል ነው፣ የቃና ዘገሊላ። ከሱ በፊት በታኅሣሥ አቡነ አረጋዊ ዕለት ነው፣ ዝክር ይዤ ልወጣ ስል ነው ያመማት። በኅዳር ኪዳነ ምሕረት። በጥቅምት ገብርኤል፣ እሱን አልረሳውም፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆኜ ነው የተደወለልኝ። በመስከረም የግሸን ማርያም ዕለት። በነሐሴ ደግሞ አማኑኤል።"

ሐኪሟ ብዕር አነሱ። እያንዳንዱ በዓል በወሩ በስንት እንደሚውል፣ ከነሐሴው ጀምረው፣ 28 ብለው ጻፉ። 21። 19። 16። 14። 12። ዝም ብለው ቁጥሮቹን አዩና ወረቀቱን ወደኛ አዞሩት።

ወራችን 30 ቀን ነው። የኔ ዑደት 28 ቀን ነው። ስለዚህ ሕመሜ በየወሩ ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት ቀን፣ ወደ ኋላ እየመጣ ነበር። ከማርያም ወደ ገብርኤል፣ ከገብርኤል ወደ ኪዳነ ምሕረት፣ ከኪዳነ ምሕረት ወደ አቡነ አረጋዊ፣ ከአቡነ አረጋዊ ወደ ሚካኤል። ከነሐሴ አማኑኤል እስከ ግሸን ማርያም ያለውም፣ የጳጉሜን አምስት ቀን ስትደምሩበት፣ ልክ 28 ነው። ሐኪሟ በጣታቸው ቆጥረው አሳዩን። እማዬ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ለስድስት ወር የሕመሜን መዝገብ ስትይዝ የነበረችው እሷ ናት፣ በምታውቀው ካሌንደር። አንድ ሰው ጠይቋት ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ ትነግረው ነበር። እኔም አልጠየቅኳትም። እሷም ከወር አበባዬ ጋር አላያያዘችውም፣ ምክንያቱም የወር አበባዬ መቼ እንደሚመጣ አታውቅም። አንድ ቤት ነው የምንኖረው። 27 ዓመት። ሞዴሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ነው የማስገባው፣ በጥቁር ፌስታል ጠቅልዬ ነው የማስወጣው። እሷ የሕመሜን ቀን ታውቃለች፣ እኔ የወር አበባዬን ቀን አውቃለሁ፣ ሁለታችን አንድ ቦታ ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም።

ለነገሩ ከቦታውም ነው። ማህፀን አካባቢ ቢያመኝ ኖሮ ምናልባት እጠረጥር ነበር። እኔን ግን የሚያመኝ ቀኝ ጎኔ ነው፣ ያስመልሰኛል፣ ሆዴ ይነፋል፣ አንዳንዴ ያስቀምጠኛል። ይሄ ሁሉ የአንጀት ነገር ነው። በወር አበባ ጊዜ መታመም ደግሞ "የተፈጥሮ ነው" ተብለን ያደግን ስለሆነ እንደ ምልክት አንቆጥረውም። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ ክፍል ውስጥ ራሴን ስቼ ነበር። አስተማሪያችን ቤት ላኩኝ። አክስቴ "ስትወልጂ ይተውሻል" አለችኝ። ይሄን ቃል ያልሰማች ሴት አለች? ሐኪሟን ጠየቅኳቸው፣ እውነት ሲወለድ ይተዋል ወይ ብዬ። አንዳንዷን በእርግዝና ጊዜ ያሳርፋታል፣ ሌላዋን አያሳርፋትም፣ ከወለደች በኋላም ሊመለስ ይችላል፣ መውለድ መድኃኒት አይደለም አሉኝ። የዓለም ጤና ድርጅትም በሽታው ስም እስኪያገኝ ድረስ ከ4 እስከ 12 ዓመት እንደሚፈጅ ይናገራል። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ብቆጥር ከዚያም አልፌያለሁ።

ሐኪሟ ሌላም ነገር አስጠነቀቁኝ፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። "አሁን ስሙን አውቀሽዋል። አደጋው ደግሞ ከዚህ ይጀምራል" አሉኝ። ከእንግዲህ ሆዴን ባመመኝ ቁጥር "ያው እሱ ነው" ብዬ እቤት እንዳልተኛ ነው የፈሩት። ድንገት የመጣና እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ የማያቆም ትውከት፣ የተነፋና እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ፣ ትኩሳት፣ ራስ ማዞር፣ እነዚህ የወር አበባ ቀን ላይ ቢመጡም ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሮጡ ናቸው። አንጀት ሊዘጋ ይችላል፣ የእንቁላል ማምረቻ ሊጠማዘዝ ይችላል፣ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ይችላል፣ ተራ ትርፍ አንጀትም ሊሆን ይችላል። በወር አበባ ቀን ሌላ በሽታ አይመጣም ያለ የለም።

ከዚያ ሕክምናው። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ይሄን ሲነግሩኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀስኩ፣ ኦፕራሲዮን ስሆን እንኳ አላለቀስኩም ነበር። የሚያስታግሱ ማስታገሻዎች አሉ፣ ሥጋውን ጸጥ የሚያደርጉ ሆርሞኖች አሉ፣ ሲከብድ ቀዶ ጥገና አለ፣ ከቀዶ ጥገናም በኋላ ሊመለስ ይችላል። አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ አያየውም። ኤምአርአይ የተሻለ ያያል፣ ግን ዋጋውን ታውቁታላችሁ። በካሜራ ገብቶ የሚታየው ላፓራስኮፒም በየቦታው አይገኝም። አንጀት ላይ ያረፈው ደግሞ ከውጪ በኩል ስለሚጣበቅ በፊንጢጣ በሚገባ ካሜራ ሲታይ አንጀቱ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ "ሁሉም ምርመራሽ ደህና ነው" ተብላችሁ ከተመለሳችሁ፣ ያ ማለት ሕመማችሁ የለም ማለት አይደለም።

ለኔ የታዘዘልኝ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል ነው። ያለ ዕረፍት የሚወሰድ፣ የወር አበባው ራሱ እንዳይመጣ። አላገባሁም። ፋርማሲ ስገባ የሸጠችልኝ ልጅ ጣቴን አየች። ከቀለበት ጣቴ ወደ ፊቴ፣ ከፊቴ ወደ ማዘዣው። እቤት ስመጣ መሳቢያ ውስጥ ከልብስ ሥር ደበቅኩት። እማዬ ሐኪሟ ጋ አብራኝ ገብታ ሁሉን ሰምታ፣ እኔ ግን ደበቅኩት። ከሁለት ቀን በኋላ አገኘችው። ምንም አላለችም። ማታ እራት ስንበላ ተነስታ ሄዳ አመጣችውና ከጨው ዕቃው አጠገብ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ሲመሽ ነው አይደል የሚወሰደው? እዚህ ይሁን፣ እንዳትረሺ" አለች። ወንድሜም አጎቴም እዚያ ነበሩ። እንጀራዬን መዋጥ አቃተኝ።

እንክብሉ ተስማማኝ ለማለት ገና ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ ይል ነበር፣ ስሜቴም ይለዋወጥ ነበር። ግን ሚካኤል መጥቶ ሄደ፣ ገብርኤል መጥቶ ሄደ፣ ወለሉ ላይ አልተቀመጥኩም። እማዬ አሁንም ትቆጥራለች። ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የግድግዳ ካሌንደር ላይ በሰማያዊ ብዕር ትንሽ ነጥብ ታደርጋለች፣ ትንሽ ሲያመኝ ትንሽ ነጥብ፣ ብዙ ሲያመኝ ተለቅ ያለች። ሐኪሟ ጋ ስሄድ ገጹን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ነው የምወስደው። "ሌሎች ታማሚዎቼም እንዲህ ቢያመጡልኝ" አሉኝ።

ባለፈው እሁድ ጎረቤታችን ቡና ልትጠጣ መጣች። ከኔ በአምስት ዓመት ትበልጣለች፣ ሁለተኛ ልጇን በኦፕራሲዮን ከወለደች ሦስት ዓመት ሆናት። ከስፌቷ ጠርዝ ላይ እንደ ለውዝ ያለች እብጠት አለቻት። አንዴ ክሩ ነው ተብላ አንቲባዮቲክ ወሰደች፣ አንዴ ኸርኒያ ነው ተባለች። "ሲለው ድርቅ ብሎ ያብጣል፣ መንካት እንኳ አልችልም፣ ከዚያ ራሱ ይተወኛል" አለች፣ ቀሚሷን በእጇ ከሆዷ እያራቀች።

እኔ አፌን ልከፍት ነበር። ሐኪሟ በቀዶ ጥገና ጊዜ ያ ሥጋ ስፌቱ ላይ ሊተከል እንደሚችል ነግረውኛል። ግን እማዬ ቀደመችኝ። ጀበናውን አስቀመጠችና፣ ሁለተኛውን ጥያቄ፣ እኔን ማንም ያልጠየቀኝን፣ ልክ ቡናው ስኳር ይጨመርበት ወይ እንደምትል አድርጋ ጠየቀቻት።

"መቼ መቼ ነው የሚያምሽ?"

"ኧረ እኔ እንጃ እትዬ። ይሄው አሁን ተክለ ሃይማኖት ዕለት ነበር።" ትንሽ አሰበች። "ባለፈው ወር መድኃኔዓለም ነው፣ ልጄን ላሳልም ሄጄ መቆም አቅቶኝ ተመለስኩ። ከሱ በፊት... ባለወልድ።"

እማዬ ወደ ግድግዳው ካሌንደር ሄደች። ከመንጠቆው አውርዳ አመጣችውና ጉልበቷ ላይ ዘረጋችው። ሰማያዊ ብዕሯን ፈለገች።